ቀርፋፋውና ጎረቤቱ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ዝናብ ቋጥሮ አልጥል ብሏል።

የሻጋታዎቹ ጠባቂ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ከፍታ ገባችና መብራቱን ሳታበራ ጥቂት ቆመች። ክፍሉ በዝግታ ያጉረመርማል። ድምፁ የማቀዝቀዣው ነው፤ ዕድሜውን እዚያ ውስጥ ለፈጀ ሰው ግን ከታማሚ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። መብራቱ ሲበራ መደርደሪያዎቹ ታዩ፤ በመደርደሪያዎቹ ላይ ጣት የሚያካክሉ የመስታወት ቱቦዎች፣ በየቱቦው ውስጥ አንድ አንድ ሻጋታ፤ ነጩ፣ አረንጓዴው፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረው፣ እንደ አሮጌ ወረቀት የወየበው።

«እንዴት አደራችሁ» አለች።

መልስ የለም። መልስ ጠብቃም አታውቅም።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እመ ሻጋታ» ነው የሚሏት። ዶክተር የሚላት ደብዳቤና መጥፎ ዜና የያዘ ሰው ብቻ ነው። ልጅ ስላልወለደች ቅጽል ስሙ መጀመሪያ ላይ ቆርቁሯት ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን የራሷ ሆነ። ደግሞም ውሸት አልነበረም። ሻጋታ በተሰጠው ምግብ ላይ ይበቅላል፣ ምግቡን ይጨርሳል፣ ካልደረሱለት ይሞታል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ፣ በእሳት ግሎ በቀዘቀዘ የሽቦ ጫፍ፣ ከአሮጌው ቱቦ ቆንጥሮ ወደ አዲስ ማሻገር ግድ ነው። ዝውውር ይሉታል። ስም ያላቸው ሻጋታዎች ከዚህ ተገላግለዋል፤ በጥልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆነው ይተኛሉ፤ ቢረሷቸውም አይሞቱም። እዚያ ቦታ የሚሰጠው ግን ስም ላለው ብቻ ነው። ስም የለሾቹ በሰው እጅ ይኖራሉ። እጁ የእሷ ነበር፤ ከእሷ በፊት የባሏ።

«ዶክተር፣ ትንሽ ጊዜ ይኖርዎታል?» አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ።

የክፍሉ ኃላፊ ነበር። ዶክተር ካላት የሚቀጥለው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አወቀች።

ኃላፊው መልካም ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር እጆቹን ያፋትጋል። እጆቹን እያፋተገ ነገራት። የቀዝቃዛው ክፍል ግማሹ ለሌሎች ሊሰጥ ነው። የስም የለሽ ቱቦዎች ሁሉ ዲኤንኤ ፎቅ ላይ ይነበባል፤ ስም ካለው ዝርያ ጋር አንድ ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይወገዳል።

«ተደጋጋሚ ነገር ማስቀመጥ አንችልም» አለ። «ቦታ የለም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«እሺ» አለች። እሺ በእሷ አፍ ፈቃድ አይደለም፤ በር መዝጊያ ነው።

ስም የለሾቹ ብዙ ነበሩ፤ እንቅልፍ የሚነሳት ግን አንዱ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ባሏ ከከተማው ዳር ካለ ጫካ የወደቀ ቅጠል አነሣ። እንደ ሙያው ደንብ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን ግማሽ አድርቆ በወረቀት አጠፈ፣ ከሌላው ግማሽ ላይ ያለውን ነጭ ሻጋታ በቱቦ አበቀለ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በየቅጠሉ ላይ ከሚገኘው ተራ ሻጋታ አይለይም፤ ክሩም ዘሩም ያው ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ነበር፤ ተራው በሳምንት የሚሸፍነውን ይኸኛው በወር አይሸፍነውም። ባሏ «ቀርፋፋው» አለው። ተራውን ለማወዳደሪያ አጠገቡ አቆመና «ጎረቤቱ» አለው። ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ናቸው።

ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ጽፎ ወደ መጽሔት ላከ። ጽሑፉ ተመለሰ። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዝግታ የዝርያ ማስረጃ አይደለም ይላል። ባሏ ሳቀ። እሱ ራሱ የጫማውን ክር እስኪያስር ሰው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው ዓይነት ሰው ነበር። «እኔንም ቢመረምሩኝ ይኸንኑ ነው የሚሉት» አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመ። ቀርፋፋው ስም ሳያገኝ ለእሷ ቀረ።

እንግዲህ ንባቡ ለእሷ የቱቦ ጉዳይ አልነበረም። ሁለት ከሆኑ ቀርፋፋው ስም ያገኛል፣ በረዶ ውስጥ ይተኛል፣ እሷ ብትሞት እንኳ ይኖራል፤ ባሏም ልክ ነበር። አንድ ከሆኑ ቱቦው አውቶክሌቭ ወደሚሉት፣ በእንፋሎት ሁሉን ቀቅሎ ወደሚያመክነው ድስት ይገባል፤ የባሏም ቃል አብሮት።

ዲኤንኤ የሚያነበው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። «አንባቢው» ይሉታል። ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ የፈታ ሰው ነው፤ «እኔ ለማንበብ እንጂ ለመነበብ አልተፈጠርኩም» ይላል።

«አይ እትዬ፣ ሰፈሩን በሙሉ ይዘውብኝ መጡ» አለ የቱቦዎቹን ሳጥን ሲቀበላት። «ከነዚህ ውስጥ የሚያሳስብዎት የትኛው ነው?»

«ሁሉም እኩል ናቸው።»

«እናት እንደዚህ ትላለች። ከዚያ አንዱን ለብቻው ታቅፈዋለች።»

በጣቷ ቀርፋፋውን ነካችው። አንባቢው ቀልዱን ትቶ ቱቦውን ከሌሎቹ ለይቶ አስቀመጠ።

የሚያነበው ነገር እንዲህ ነው። በማንኛውም ሕያው ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ ጥቃቅን ፋብሪካዎች አሉ፤ ራይቦዞም ይባላሉ። የእነሱ ንድፍ ዲኤንኤው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አልተጻፈም፤ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ተጽፏል። ንድፉ በቀላሉ አይለወጥም፤ ከተበላሸ ሕይወት ይቆማልና። በንድፎቹ መካከል ግን አብረው ተገልብጠው ወዲያው የሚቆረጡና የሚጣሉ ክፍሎች አሉ። የሚጣልን ነገር ማን ይጠብቀዋል? አንድ ፊደል ይወድቃል፣ አንዱ ይደገማል፣ አንዱ በሌላው ይተካል፤ ዘመን ስህተቱን ያጠራቅመዋል። ስለዚህ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዘመዳሞች ለየብቻቸው ስንት ዘመን እንደኖሩ የሚታወቀው ከሚጣለው ክፍል ነው።

«እህሉ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ገለባው ነው» ይላል አንባቢው።

ውጤቱ በደረሰ ጊዜ አንባቢው ስልክ አልደወለም። ራሱ ወረደ። ጠባቂዋ በመስታወቱ በር በኩል ሲመጣ አየችውና እጇ ላይ የነበረውን ሽቦ አስቀመጠች።

«ስልክ ነበር እኮ» አለችው።

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እትዬ፣ አንድ ናቸው። ፊደል በፊደል።»

«እሺ።»

«እሺ አይበሉ፤ አልጨረስኩም። ከመጠን በላይ አንድ ናቸው።»

ወረቀት ዘረጋላት። ከሌላ ቦታ የመጡ የጎረቤቱን ወገኖች ቀደም ብሎ አንብቧቸው ነበር። እሷ መደርደሪያ ላይ ያለው ጎረቤት ከእነሱ ሁሉ የሚለይበት አንድ ምልክት አለው፤ በሚጣለው ክፍል መሐል አንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ከወገኖቹ አንዱም ይህ የለውም። ቀርፋፋው ግን አለው።

«አንድ ዓይነት ጠባሳ ያላቸው ሁለት ሰዎች አላየሁም» አለ አንባቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀርፋፋው ቱቦ ውስጥ ያለው ቀርፋፋው አይደለም። ጎረቤቱ ራሱ ነው። በሆነ ዝውውር ላይ አንዲት ዘር ገብታ ቤቱን ወርሳዋለች። እና በፊት እዚያ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ እኔ ማንበብ አልችልም፤ የለማ።»

ጠባቂዋ ወረቀቱን አየች። ምልክቱን አላየችም። ያየችው ሌላ ነገር ነበር።

ባሏ በሞተ በዓመቱ ቀርፋፋው በድንገት በረታ። ሁልጊዜ እየተለመነ የሚያድገው ያ ሻጋታ በሳምንት ውስጥ ቱቦውን ሞላ። ያን ጊዜ እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም ነበር። ቱቦውን ይዛ በየክፍሉ ዞረች፤ «አያችሁት? አገገመ» እያለች። ሰዉም፣ እሷ ስትስቅ በማየቱ ብቻ፣ አብሯት ሳቀ። የዚያን ቀን ምሳ በላች። ቀስ በቀስ የሚያድግ ሻጋታ በድንገት ከፈጠነ ሌላ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሳትራሩ ጣሉት፤ ይህን ለተማሪዎቿ ሁሉ ስትነግር የኖረችው እሷ ነበረች። ለራሷ ግን አልነገረችም።

«ደረቁ ግማሽ ቅጠል አለ» አለች በመጨረሻ። «ይነበባል?»

«ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ?» አንባቢው አገጩን አሸ። «ሌላው ጂን ቢሆን እንጃ። ይኸኛው ግን መቶ ቅጂ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ብል ስንቱን ይበላዋል? አንዱ ቢቀር ይበቃናል። የት ነው ያለው?»

ከቅጠሉ ጉዳይ በላይ የከበዳት ይህ ጥያቄ ነበር። ደረቁ ቅጠል ያለው ዋርሳዋ ቤት ነበር።

ዋርሳዋ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ በሙሉ «እታለም» ይላታል። ወንድሟ በተቀበረ በሳምንቱ በታክሲ መጥታ ካፖርቱንና የሥራ ሳጥኑን ወሰደች። «የወንድሜ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጠባቂዋም «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በዓመት አንድ ጊዜ በስልክ ይጠያየቃሉ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ።

በማግስቱ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈረች። በመስኮቱ ላይ ካፊያ ይንሸራተታል። መንገዱን ሁሉ አንድ ሐሳብ ስታገላብጥ ሄደች። ቅጠሉ «አንድ ናቸው» ካለ የጠፋ ነገር የለም፤ እሱ ግን ተሳስቶ ነበር። ቅጠሉ «ሁለት ናቸው» ካለ እሱ ልክ ነበር፤ እሱ ያገኘውን፣ ሌላ ማንም ያላገኘውን፣ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። ሦስተኛው መንገድ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዶ መመለስ ነበር። አልወረደችም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔማ ብዙ ነው።»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ሰንሰለቱ ተንኳኳ፤ በሩ ጣት በሚያህል ተከፈተ፤ አንድ ዓይን ታየ፤ ከዚያ በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ።

«ሙሽሪት» አለች አሮጊቷ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። «ሸብተሽ የለም እንዴ።»

«እርስዎ ግን አልሸበቱም።»

«የኔን ጸጉር ሠሪዋ ትወቀው። ግቢ፤ ብርድ አታስገቢብኝ።»

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ሰዎች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ በአንደኛው ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ ብዙ ጊዜ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር። እታለም ክምሩን ወደ አልጋው አዛወረችና መቀመጫውን በእጇ ጠረገችው።

«ሳጥኑን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች ጠባቂዋ።

«ሳጥኑን ነው? እኔማ እኔን ፈልገሽ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

«ሁለቱንም።»

«መዋሸት አትችዪበትም። ድሮም አትችዪበትም። ወንድሜ የሠራሽው ወጥ ጨው ሲበዛበት 'ጥሩ ነው' ይልሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ 'ጨው በዝቶበታል' ትዪ ነበር።» አጎነበሰችና ከአልጋው ሥር በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ሳጥኑን አወጣችው። «አንድ ቀን ከፍቼው ነበር። ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። እሱን እሱን አለኝ። ዘጋሁት።»

ሳጥኑ ውስጥ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ መነጽር፣ ማጉያ፣ መቆንጠጫ፣ የተጣጠፉ ትንንሽ ወረቀቶች ነበሩ። ጠባቂዋ ወረቀቶቹን ሳትከፍት ለየች። የባሏን እጥፋት ታውቃለች፤ አራቱንም ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ አንዱን በሌላው ሥር ይሸሽገዋል፤ ቸኩሎ የሚከፍት ሰው አይከፍተውም። በአንዱ ላይ የቀርፋፋው ቁጥር ነበረበት።

እታለም ሁሉንም እንድትነግራት ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። አሮጊቷ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ዓይኗ ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ላይ ነበር።

«እና አንቺ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ምን አስጠየቀሽ? በዐመድ የተዳፈነ እሳት ነው፤ ተዪው በቃ።»

«ካልጠየቅኩ ተሳስቶ ነበር ተብሎ ይቀራል።»

«ቢቀርስ? ወንድሜ ይሳሳታል። ሚስማር ምታ ሲሉት ጣቱን ነው የሚመታው።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ የሰው ለቅሶ ሄዶ ሬሳውን አላውቀውም ብሎ ተመለሰ፤ ለካ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ገብቶ ኖሯል፤ ሁለት ሰዓት አልቅሶ።»

ጠባቂዋ ሳቀች። ይህን ታሪክ አታውቀውም ነበር። እሷ የማታውቀው የባሏ ታሪክ በዚህ ክፍል ውስጥ ሌላም ይኖር ይሆናል ብላ አሰበች።

እታለም አልሳቀችም። «ቀስ ብሎ ያየውን ነገር ግን ተሳስቶ አያውቅም» አለች። «ውሰጂው። ስትጨርሺ ግን ትመልሺልኛለሽ። ምንም የለኝም ከእሱ፤ ካፖርቱንም ብል በላው።»

ጠባቂዋ ወረቀቱን በመዳፏ ላይ እንደያዘች ቆየች። ያልተናገረችው ነገር ነበር፤ ዋሽታ መውጣት ግን አልቻለችም።

«አዲስ ዝርያ ከሆነ ቅጠሉ ለስሙ ምስክር ሆኖ መሥሪያ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ለዘላለም። ለማንም አይመለስም። አንድ ከሆኑ ግን አመጣልዎታለሁ።»

አሮጊቷ ሳጥኑን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ረጅም ነገር ተናገረ።

«እንግዲያው አይመለስ» አለች።

በማግስቱ ጠባቂዋ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስትወጣ ነጭ ካባዋን ደረጃው ላይ አውልቃ ሰቀለች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ከአንባቢው ክፍል ደፍ አልፋ አልገባችም።

«ይግቡ እንጂ እትዬ፤ ምነው?»

«ልብሴ ላይ ጎረቤቱ አለ። ጸጉሬም ላይ ይኖራል።» የታጠፈውን ወረቀት በንጹሕ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ዘረጋችለት። «እኔ አልነካውም። አንተ ክፈተው። ሁለት ቦታ ቁረጠውና ለየብቻ አንብበው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አትንገረኝ።»

«ከተስማሙስ?»

«ከተስማሙ ይምጡ አትበለኝ፤ አንተም አትውረድ። ደውልልኝ።»

አንባቢው ጊዜ ወሰደ። በዚያ መሐል የሠራችው ሁሉ ሁልጊዜ የምትሠራው ነበር። ሽቦ አጋለች፣ አቀዘቀዘች፣ ቆነጠረች። ቤቷ ስትገባ አንድ ሲኒ አጥባ አንድ ሲኒ ሰቀለች። እሑድ ከሰዓት ልብስ ስትተኩስ የመንገዱ ጫጫታ ድንገት ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ ራሷን ስትናገር ሰማች። ያለችው «አንድ ይሁኑ» ነበር። ቀጥላ «ሁለት ይሁኑ» አለች፤ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል። የትኛው ከልብ እንደሆነ ሳታውቅ ሸሚዙን ገልብጣ ሌላውን ወገን ተኮሰች።

ስልኩ የተደወለው ረፋድ ላይ ነበር።

«ሁለቱም ቁራጮች ተስማምተዋል» አለ አንባቢው። «ወጥተው በዓይንዎ ቢያዩት ይሻላል። ይግቡ አሁን፤ ሥራው አልቋል፤ ጎረቤቱንም ይዘውት ይምጡ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ረጃጅም የፊደል መስመሮች አንዱ ከሌላው በታች ተሰልፈዋል፤ ላይኛው የጎረቤቱ፣ ታችኛው የቅጠሉ። የሚስማሙበት ነጭ ነው፤ የሚለያዩበት ቀይ። አንባቢው መስመሮቹን በጣቱ እየገፋ አሳያት። ንድፎቹ ላይ አንድም ቀይ አልነበረም፤ ነጭ በነጭ ሆነው እንደ ወንድማማች አብረው አለፉ። የሚጣለው ክፍል ሲደርስ ቀዩ ጀመረ። እዚህ አንድ፣ ወረድ ብሎ ሦስት ተከታትለው፣ ከዚያ እንደ ዘነበበት መሬት በየቦታው። ሁለት ጊዜ የተጻፈችው ፊደል፣ ያቺ ጠባሳ፣ በታችኛው መስመር ላይ የለችም።

«ይኼ የአንድ ሺህ ዓመት ልዩነት አይደለም» አለ አንባቢው። «ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ሰው ቤት መሥራት ሳይጀምር ተለያይተዋል እነዚህ። ሟቹ ልክ ነበሩ፣ እትዬ። ያለ ምንም ማሽን፣ በዓይናቸው ብቻ።»

ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። መሐል መንገድ ላይ እጁ ቆመ፤ የተናገረው ነገር ሌላኛው ፊት ያኔ ታየው። እጁን መለሰና ጠረጴዛው ላይ ያለ እስክሪብቶ አነሣ።

«ምናልባት» አለ፣ «ምናልባት እሳቸው በነበሩ ጊዜ ይሆናል የገባው። ስድስት ዓመት እሳቸው ናቸው ያዛወሩት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንዴት ይታወቃል እትዬ፣ አንዲት ዘር እኮ አትታይም።»

«የገባችበትን ቀን አላውቀውም» አለች። «ደስ ያለኝን ቀን ነው የማውቀው።»

ከመሄዷ በፊት ቀዮቹን እንደገና ከላይ እስከ ታች እንዲያሳያት ለመነችው። አሳያት። በየቀዩ ላይ ጥቂት እየቆየች፣ ሰው የማያውቀውን የቅርብ ዘመዱን ፎቶግራፍ እንደሚያይ፣ አየቻቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ወደ ጫካው ሄደች። ከጫካው የቀረው ከጋራዦች ጀርባ ያለ አንድ ረድፍ ዛፍ ነው። ያንኑ ዓይነት ቅጠል በከረጢት ሞልታ አመጣች። ባሏ እንዳደረገው እያንዳንዱን ለሁለት ከፈለች፣ ግማሹን አደረቀች፣ ግማሹን አበቀለች። አንባቢው ያለ ቀልድ አነበበላት። የበቀለው ሁሉ ጎረቤቱ ነበር። በቀጣዩ ወቅትም ሄደች፤ ያው ነበር።

ለእታለም ደወለች።

«አይመለስም» አለቻት።

«ምኑ?»

«ቅጠሉ።»

«ነግሬሽ ነበር» አለች አሮጊቷ። ቆይታም፣ «አንቺስ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እንዲያ ከሆነ እሑድ ነይ።»

«እሑድ ዝውውር አለብኝ።»

«ሻጋታ እሑድ አያርፍም?»

«አያርፍም።»

«ወንድሜም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አለች እታለም፤ ስልኩንም ቀድማ ዘጋችው።

ኃላፊው ያ ወር ሲያልቅ መጥቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ «እትዬ» ነው ያላት። የቀርፋፋውን ቱቦ ከፈለገች ልታስቀምጠው እንደምትችል ነገራት፤ አንዲት ቱቦ ቦታ አትይዝም አለ፣ እጆቹን ሳያፋትግ። አመሰገነችው። ከዚያ ቱቦውን ከመደርደሪያው አውርዳ አየችው፤ ነጭ፣ ጤነኛ፣ እስከ አፉ የሞላ። ያጠባችው፣ ያገላበጠችው፣ እንዴት አደርክ ስትለው የኖረችው ይህንኑ ነበር፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ከሌሎቹ ተደጋጋሚዎች ጋር ቅርጫቱ ውስጥ አስገባችውና ድስቱን ራሷ ዘጋችው።

ጽሑፉን ከአንባቢው ጋር ጻፉት። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሟቹ ነው። ሰው በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ዝርያን በራሱ ስም አይሰይምም፤ ስለዚህ ጠባቂዋ በላቲን ዝግ ማለት የሚል ትርጉም ያለው ቃል መረጠች። ሁሉም ነገር ያለ ክርክር አለቀ፤ የቀረው ሕያው ናሙናው የት እንዳለ የሚገልጸው መስመር ብቻ ነበር።

«'ሕያው ናሙና የለም' እንበልና እንለፈው» አለ አንባቢው።

«ለምን የለም ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል።»

«ማን ይመጣል እትዬ? እኛን እኮ የሚያነበን የለም። እኔ ራሴ የጻፍኩትን አላነብም።»

«የሚዘዋወር ሻጋታ ያለው ሰው ያነበዋል። አንድ ቀን አንዱ ይፈጥንበትና ደስ ይለዋል።»

አንባቢው ወንበሩን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት። እሷም የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችና በሁለት ጣቷ እየፈለገች ጻፈች፤ «ሕያው ናሙናው የመጀመሪያው ጸሐፊ በሞተ በዓመቱ፣ በሁለተኛዋ ጸሐፊ እጅ ሲዛወር፣ በቅርብ ዘመዱ ተተክቷል። ፈጥኖ ማደጉ ታይቶ ነበር፤ አልተመረመረም።»

አንባቢው ሁለት ጊዜ አነበበው። «በሁለተኛዋ ጸሐፊ እጅ» የሚለውን አጠፋው። እሷ መልሳ ጻፈችው። ፊቷን አየ፤ ተወው።

ጽሑፉ ከሰባት ወር በኋላ ወጣ፤ አራት ገጽ ነው።